ሸራው ተገዝቷል

በእኛ ጊዜ የፍሬን ሸራ አይገዛም ነበር፣ ይመታል እንጂ። አንተ መምህር፣ የምትጽፈው ከሆነ ይህቺን አስቀድመህ ጻፋት። እኔ የግሬደር ሹፌር ነበርኩ፣ ከወለጋ በመንገድ ሥራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፣ ጭሮ የሚላት የገጠሩ ሰው ነበር። እና የመኪና ፍሬን ሲያልቅብን ማን ገበያ ይሄዳል? ብረቱን እንፈታና ከጥቅሉ ላይ ሸራ እንቆርጣለን፣ ያ ወፍራም፣ እንደ ምንጣፍ የተሸመነ ነገር አለ፣ እሱን በብረት መጋዝ ቆርጠን በመዳብ ምስማር ብረቱ ላይ እንመታዋለን፣ አለቀ። እንግዲህ የዳሱም ሸራ ሸራ ነው፣ የፍሬኑም ሸራ ሸራ ነው፣ ስማቸው አንድ ነው። ይሄ ስማቸው አንድ መሆኑ ነው እኔን ሊገድለኝ የነበረው። ሳቁ፣ ግድ የለም ሳቁ፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

ቢፍቱ የመጨረሻዋ ልጄ ናት፣ አዋላጅ ናት፣ የምትሠራው ሚኤሶ ነው። ዕቁብ ጥላ፣ ከደመወዟ ቆጥባ፣ ያቺን ትንሽ ነጭ የቤት መኪና ገዛች። ትንሽ ስላችሁ ትንሽ ናት፣ እኔ ስገባ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ይገናኛል። እና ተረኛ በሆነች ቀን ሁሉ ከዚህ ሚኤሶ ትወርዳለች። ከዚህ ሚኤሶ መንገዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መምህር አንተ ገና አዲስ ነህና ልንገርህ፣ ቁልቁል ነው፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ፣ ቆላው እስኪመጣ ድረስ። ያን መንገድ እኔ ስንት ዓመት ጠርጌዋለሁ። ታዲያ ልጅቱ የመኪናን ነገር ለእኔ ነው የተወችው። «የመኪና ነገር ለአባዬ ነው» ትላለች ለሰው ሁሉ፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን መጣችና፣ «አባዬ፣ ፍሬኑ ስረግጠው ይጮኻል» አለችኝ።

«አቧራ ነው» አልኳት።

ሳምንት ቆየችና፣ «አባዬ፣ አሁንም ይጮኻል፣ እንዲያውም ባሰበት።»

«ጤዛ ነው» አልኳት። ጤዛ አልኩ እኮ እኔ፣ በሚኤሶ ፀሐይ፣ ግመል እንኳ ጥላ በሚፈልግበት አገር ጤዛ። እሷ ደግሞ «እሺ» አለችና ሄደች፣ አመነችኝ።

ወርቄ ናት በኋላ የነዘነዘችኝ፣ ባለቤቴ። ወርቄ ስለ መኪና ምንም አታውቅም፣ ስለ ልጇ ግን ታውቃለች። «ዋቅጅራ፣ ልጅቱ ስትወርድ ሆዴ ይባባል፣ ለምን ለጀማል አታሳየውም?» ስትለኝ ወሰድኩት። ጀማል ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ጋራዥ አለው፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛውን መንገድ ላይ ነው የለቀመው፣ እጁ ግን የተባረከ ነው። ጎማውን ፈታና ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ ነካ አደረገና ጣቱን አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ሸራው አልቋል። ትንሽ ነው የቀረው፣ ከዚያ ብረት በብረት ነው የሚሆን።»

«ስንት ይፈጃል?» አልኩት።

ታዲያ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፣ የፊት ሸራ ኦሪጅናሉ፣ የኋላ ሸራ፣ ዲስኩ ተበልቷልና ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጥ አለበት፣ የፍሬን ዘይት፣ የእጅ። ከዚያ ሁሉን ደመረና፣ «አሥራ ስድስት ሺህ ይደርሳል» አለኝ።

«ለየትኛዋ መኪና?»

«ለዚህች።»

«ጀማል፣ የጭነት መኪና አደረግካት እንዴ? ይህቺ እኮ በእጅ ተገፍታ የምትሄድ ነገር ናት።»

«አቦ ጋሼ፣ ትንሽ ብትሆንም የምትወርደው እኮ ያንኑ ቁልቁለት ነው።»

«እሺ የፊቱን ብቻ ቀይርልኝ።»

«ዋላሂ አላደርገውም ጋሼ፣ በግማሽ ፍሬን ሰው አልሸኝም።»

«እሺ ሸራ እንምታላት፣ እኔ ራሴ እመታዋለሁ፣ አንተ ብረቱን ፈትተህ ስጠኝ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን የሚመታ ሸራ የለም፣ ተጣብቆ ነው የሚመጣው» አለኝ። እና እኔ ተቆጣሁ። አሥራ ስድስት ሺህ ብር በእኛ ጊዜ ቤት ከነግቢው የሚገዛ ገንዘብ ነው፣ እሺ ያ ጊዜ አልፏል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጆሮዬ አላወቀም፣ ጆሮዬ የሰማው ቤት ከነግቢው ነው። «ጎማውን መልስ» አልኩት፣ መለሰው። ወጥቼ ሄድኩ።

ቢፍቱ ማታ፣ «ምን አለ ጀማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ትንሽ ይቆያል አለ» አልኳት።

ጀማል እንዲህ አላለም። ዋጋውንም አልነገርኳትም፣ ብነግራት እከፍላለሁ ልትል ነው፣ እኔ ደግሞ ባለሙያው ነኝ፣ ልጄ ስትዘረፍ ቆሜ አላይም፣ እንዲህ ነበር ሐሳቤ። እና ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ ፍሬን ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። አሁን ሳስበው፣ አንቺ የጎረቤቴ ልጅ ጫልቱ፣ እንዲህ ብለሽ አትመልከችኝ፣ አውቃለሁ።

ታዲያ ወርቄ አልተወችኝም። ማክሰኞ ቀን መኪናውን ነዳሁና ለጀማል ወስጄ ሰጠሁት። ሁለተኛ ዋጋ አላወራንም። «በደንብ ፈትተህ እይና ምን ምን እንደሚገዛ ደውለህ ንገረኝ» አልኩት። እዚህ ልማዱን ታውቃላችሁ፣ ዕቃውን የሚገዛው ባለመኪናው ነው፣ ባለሙያው ይገጥማል፣ እንዲያ ሲሆን ማንም ማንንም ሌባ አይለውም። ቢፍቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚኒባስ እየተጋፋች መሄድ ጀመረች።

እንግዲህ የዚያኑ ሳምንት ደግሞ ጉባኤ ነበረን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ፣ ከገለምሶ ከቦርደዴ ሁሉ እንግዳ የሚመጣበት፣ እኔ የዳስ ኮሚቴ ነኝ። የዳሱን ሸራ ነፋስ ቀዶብን ነበር፣ እና እኔ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሸራ፣ ሸራ፣ ሸራ፣ ወርቄ በሕልሟም ሸራ ሳትሰማ አልቀረችም። የኮሚቴው ገንዘብ ቤት ነው ያለው፣ ሸራ የተገኘ ቀን ሊገዛ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢው ውስጥ እንጨት አስተክላለሁ። ስልኬ ደግሞ ባትሪው አርጅቷል፣ ቤት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚውለው፣ እሱን ተሸክሞ መሄድ ውኃ በወንፊት ነው።

ረቡዕ ጀማል ደወለ። ወርቄ አነሳች። የተባባሉትን በኋላ ሁለቱም ነግረውኛል፣ ቃል በቃል ልንገራችሁ።

«ሃሎ፣ ጋሼ የሉም?»

«የለም ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፣ ዳስ እየሠሩ።»

«እሺ እማማ፣ እንግዲያው እርስዎ ይንገሩልኝ። ሸራው ጨርሶ አልቋል፣ አሮጌው አይሆንም። አራት ነው የሚያስፈልግ፣ ሁለት ለፊት፣ ሁለት ለኋላ።»

«አራት ይበቃል?»

«አራት ይበቃል። ብቻ ኦሪጅናሉን ይግዙ፣ ቀጭኑን እንዳይወስዱ።»

«ቀጭኑንማ ነፋሱ መቼ ያኖረዋል» አለች ወርቄ።

ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ጀማል ነፋስ የምትለዋን አልሰማም። እሷ ቀጠለች፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ፣ ለእኛ ብለህ ስልክ ደውለህ።»

«ምን ችግር አለው እማማ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

ይኸው ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ውሸት አለ? የለም። ስህተት አለ? እናንተ ንገሩኝ። ወርቄ ስልኩን ዘጋችና ለጎረቤቶቿ፣ «አያችሁት ጀማልን፣ ሙስሊም ሆኖ ለጉባኤያችን ሲጨነቅ፣ ስንት ሸራ እንደሚበቃ ሳይቀር አስቦ» አለቻቸው፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የኮሚቴውን ገንዘብ ያዘች፣ ገበያ ወጣች፣ አራት ወፍራም ሸራ ተከራክራ ገዝታ በጋሪ አስጭና ቤተ ክርስቲያን አስገባች። ማታ ስገባ፣ «ሸራው ተገዝቷል፣ አራት» አለችኝ። «ጎበዝ፣ አየሁት» አልኳት። ከየት ሰማሽ፣ ማን አራት አለሽ፣ አልጠየቅሁም። የዳሱ ሐሳብ ወርዶልኝ ተኛሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ለቄሱም አልነገርኩም። ሐሙስ ዋለ፣ ጀማል አልደወለም። ማለቴ እኔ አልደወለም ብዬ ነው የማውቀው። ሄጄ ልጠይቀው እችል ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራዡ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ደስ ብሎኛል እኮ። ካልደወለ አይገዛም፣ ካልተገዛ ገንዘቡ አይወጣም፣ ልጅቱም በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ምን ጎደለ አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው የዋልኩት።

ዓርብ ጠዋት ዳሱን ጨረስነው። ቢፍቱ ተረኛነቷ ከሰዓት ነበር፣ እና እኩለ ቀን ገደማ መናኸሪያ ሄዳ ሚኒባስ ስታጣ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ሸራው ተገዛ እንዴ?»

ልጅቱ የምትጠይቀው የፍሬኑን ነው፣ ወርቄ የምትመልሰው የዳሱን ነው። «ከረቡዕ ጀምሮ» አለቻት።

«ተገጠመ?»

«ዛሬ ጠዋት ጨረሱት። አባትሽ ራሱ ቆሞ ነው ያሠራው።»

«አባዬ ራሱ?»

«ራሱ ነው እንጂ፣ ማንን ያምናል።»

አባዬ ራሱ ቆሞ ካሠራው ሌላ ምን ትጠይቃለች። በእግሯ ወደ ጋራዡ ወረደች። የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ጀማል ልጆቹን ይዞ መስጊድ ሄዷል፣ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። መኪናዋ ጎማዋ ተመልሶላት በር አጠገብ ቆማለች፣ ጀማል ዕቃው እስኪመጣ ቦታ እንዳትይዝ ብሎ ጥግ አስይዟታል። «ተሠርታለች፣ አባዬ ነው ያሠራት» ስትለው ዘበኛው ቁልፉን ሰጣት፣ ያውቃታል እኮ፣ የልጅ ልጁን ያዋለደችለት እሷ ናት።

እኔ ለምሳ ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ስልኩ ጮኸ። ጀማል ነው።

«ጋሼ፣ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወሰዷት? ተቀየሙኝ?»

«የምን መውሰድ?»

«እኔ ሸራውን ለእማማ ነግሬ ስጠብቅ ነበር፣ አሁን ከመስጊድ ስመለስ መኪናዋ የለችም።»

«የምን ሸራ ነው ለእማማ የነገርከው?»

«የፍሬኑን ነዋ፣ ረቡዕ፣ አራት ያልኳቸው።»

ወደ ወርቄ ዞርኩ። ወጥ እየጨለፈች ነው። «ወርቄ፣ አራት ሸራ ያለሽ ማን ነው?» አልኳት። «ጀማል» አለችኝ። «መኪናዋስ የት ናት?» «ቢፍቱ ይዛት ወረደች፣ ደውላልኝ ነበር እኮ፣ ሸራው ተገዝቷል ስላት...» አለችና ቆመች። ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች በቃ፣ እና «እኔ ነኝ» አለች።

በወርቄ ስልክ ለቢፍቱ ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሳው፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም የምትለዋ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያቺው ሴትዮ፣ ያው ድምፅ፣ ምንም ያልሆነ ይመስል። ቁልቁለቱ ላይ መስመር እንደሌለ አውቃለሁ። ጀማል በእኔው ስልክ ላይ ገና አልዘጋም ነበር፣ «ጋሼ፣ በር ላይ ይጠብቁኝ፣ ሞተር አለኝ» አለ።

እንግዲህ እዩኝ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በሞተር ሳይክል ተሳፍሬ አላውቅም፣ ጀማል የጁምዓ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ መጣ፣ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እኔ ከኋላ ወጣሁና አቀፍኩት። ከተማው ቆሞ ያየናል። ከዳገቱ ጫፍ ስናልፍ መንገዱ ወደ ታች ተከፈተ።

ያን መንገድ አውቀዋለሁ ብያችኋለሁ። የትኛው መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና እንደገባ፣ የትኛው ላይ ማን እንደሞተ፣ አንድ በአንድ አውቃለሁ፣ ያን ቀን ባላውቅ ደስ ባለኝ። በየመታጠፊያው አንገቴን አውጥቼ ወደ ገደሉ አያለሁ። ነጭ ነገር ሁሉ መኪና ይመስለኛል፣ ድንጋዩም፣ ፍየሉም፣ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር። «ያቺ ናት!» እላለሁ፣ ጀማል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍየል ናት።

«ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አንገቴን ለቀቅ ያድርጉልኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ።»

«ያዬ ዋቅ፣ ያዬ ዋቅ» እላለሁ እኔ፣ ፈጣሪን በኦሮምኛ ነው የምጠራው፣ አማርኛው ጠፍቶኛል።

«ያ ረቢ» ይላል እሱ ከፊት።

«ጀማል፣ ምን ያህል ነበር የቀረው ሸራው? እውነቱን ንገረኝ።»

ሌላ መታጠፊያ ዞርን። «ጋሼ፣ በመጀመሪያ ያሳየሁዎት ቀን ትንሽ ነበረው» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሳምንት ወርዳበታለች።

ወደ ታች ስንወርድ፣ ሜዳው ሊጀምር ሲል፣ መንገዱ ዳር የጠጠር ክምር አለ። ግመሎች አየሁ፣ ብዙ ግመሎች መንገዱን እየተሻገሩ፣ አንድ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ከጠጠሩ ክምር ውስጥ ነጭ መኪና አፍንጫዋን ቀብራ ቆማለች። በሯ ክፍት ነው። ከሞተሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፣ ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀርቷል።

ቢፍቱ ጠጠሩ ላይ ተቀምጣለች። ደህና ናት። ልጄ ደህና ናት። ግንባሯ ላይ ትንሽ አብጧል፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፍሬኑ ከላይ ጀምሮ ብረት በብረት ሲፋጭ ነበር፣ ጭስም ሸትቷታል፣ ማርሽ እየቀነሰች፣ የእጅ ፍሬኑን እየጎተተች ነው የወረደችው፣ መጨረሻ ላይ ግመሎቹ ሲገቡባት ወይ ግመል ወይ ገደል ወይ ጠጠር ሆነባት። ጠጠሩን መረጠች። ይህን ሁሉ የነገረችን በኋላ ነው። ያኔ እኔን ስታይ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ?

«ይቅርታ አባዬ፣ መኪናዋን አበላሸኋት» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ግንባሯን አየሁት።

«አዲስ ሸራ እስኪላመድ አይዝም ብለኸኝ አልነበር? ገና አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ፣ አባዬ ቆሞ ያሠራው እንዴት እምቢ ይላል ብዬ፣ ቆሜ መመለስ ነበረብኝ። የእኔ ጥፋት ነው።»

አዎ፣ ብያት ነበር፣ መኪናዋን የገዛች ሰሞን። ኢጆሌ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ወንድሜን ቀብሬያለሁ፣ እንደዚያች ቃል ግን ልቤን የቆረጠው ነገር የለም። እዚያው ጠጠሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ግመል ነጂው ፊቱን አዞረ፣ ጨዋ ሰው ነው።

ጀማል መጣና፣ «ቢፍቱ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ለጋሼ መልሼ መደወል ነበረብኝ» አላት።

«አንተ ዝም በል» አልኩት። ከዚያ ነገርኳት። እናቷ ሸራ የሚለውን ለዳሱ መስሏት እንደገዛች ነገርኳት፣ ይህን ስትሰማ ልትስቅም ከጅላ ነበር። ግን አላበቃሁም። «ቢፍቱ፣ ሸራው ካለቀ ቆይቷል። ጀማል የነገረኝ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ትንሽ ይቆያል ያልኩሽ ውሸት ነው። ዋጋው በዛብኝ። ከማክሰኞ ወዲህም ጀማል ያልደወለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አየችኝ። ረጅም አየችኝ።

«ስንት ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ ስድስት ሺህ።»

ቀሚሷ ላይ የነበረውን ጠጠር አራገፈች። አንድ በአንድ ነው የምታራግፈው። «እኔ እኮ እከፍለው ነበር አባዬ» አለች። «ብትነግረኝ እከፍለው ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሳች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ሚኒባስ ሲመጣ እጇን ዘረጋች። «የት ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ሥራ ነዋ፣ ተረኛ ነኝ፣ የሚጠብቁኝ ሴቶች አሉ» አለችና ገባች። እኔና ጀማል ከመኪናዋ ጋር ቀረን። ያን ዕለት ግመል ነጂው ከቅሉ ወተት ሰጠን፣ ጠጣን።

ሸራው ከአዳማ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ፣ ጀማል ገጠመው፣ የፊቱ መከላከያ ተሰብሮ ስለነበር ከእሱ ጋር ሃያ ሁለት ሺህ ሆነ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ጀማል የእጁን አልወስድም አለኝ፣ ኪሱ ውስጥ በግድ ከተትኩለት። ወርቄ ስንት ቀን ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም፣ ራሷን ነው የምትወቅሰው መሰለኝ፣ እኔም፣ «ወርቄ፣ አንቺ የሰማሽውን ገዛሽ፣ እኔ ነኝ የሰማሁትን ያልገዛሁት» አልኳት፣ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ተሻላት። ጉባኤው ደህና አለፈ፣ ሸራውም ያን ነፋስ ችሎ አደረ፣ ሰው ሁሉ ዳሱ አማረ አለኝ፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እና መምህር፣ ፍርዱን ከፈለግህ ይኸው ጻፍ። የጀማል ዋጋ ውድ አልነበረም። ዋጋ ስጠይቅ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ የነበረችው እሷ ናት። የሚወርደው ሰው ሳይጠየቅ እኔ በሱ ፋንታ ውድ ነው፣ ርካሽ ነው እያልኩ ተቀመጥኩ። ሌላ ፍርድ የለኝም።

«አሁንስ ጋሼ፣ ፍሬኑን ማን ነው የሚያሠራው?» ያልከኝ እንደሆነ፣ እሷን ጠይቃት፣ ይኸው መጣች።

(ቢፍቱ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ ከበሩ ላይ ነው የመለሰችው።)

«እኔ ራሴ ነኛ መምህር። አባዬ መጥቶ ቆሞ ያያል፣ ጀማልን ያዋራል፣ ሸራውን በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል። ዋጋ ግን አይነገረውም።»

አይነገረኝም። እኔም አልጠይቅም። (ሳቀ።) ያ ጀማል ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ሲጀምር እኔ ጆሮዬን ይዤ ከጋራዡ እወጣለሁ።